ሦስት ቀን የማይበቃው መድኃኒት፦ የአፍንጫ ስቴሮይድና የሴሎቻችን ፕሮቲን

በደብረ ብርሃን ፋርማሲዎች ክረምት ከበጋ የማይጠፋ ጥያቄ አለ፤ «ሳይነስ አለብኝ፤ አፍንጫዬን የሚከፍትልኝ ነገር ስጡኝ» የሚል። ጠያቂው ብዙ ጊዜ ለሳምንታት ሲያስነጥስ፣ ጠዋት ጠዋት ውኃ የመሰለ ንፍጥ ሲወርደው፣ ሌሊት አፉን ከፍቶ ሲተነፍስ የከረመ ሰው ነው። ከመደርደሪያው ከሁለት አንዱ ይወርድለታል። አንደኛው በደቂቃዎች ውስጥ አፍንጫን የሚከፍት ጠብታ ነው። ሁለተኛው ስቴሮይድ ያለበት ስፕሬይ ሲሆን በመጀመሪያው ቀን ይህ ነው የሚባል ለውጥ ላያሳይ ይችላል። ሕመምተኛው ጠብታውን ይወደዋል፤ ስፕሬዩን በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ ያስቀምጠዋል።

ስቴሮይድ ስፕሬይ የሚዘገየው ደካማ ስለሆነ አይደለም። ሥራው የአፍንጫ ሴሎች የሚያመርቷቸውን ፕሮቲኖች መለወጥ ነው፤ ይህ ደግሞ በአንድ ጀምበር አያልቅም። ባለፉት ዓመታት የወጡ ጥናቶች ይህን ለውጥ በፕሮቲን ደረጃ እያዩ አሳይተዋል፤ የትኛው ፕሮቲን እንደሚቀንስ፣ የትኛው እንደሚጨምር፣ የተጎዳው የአፍንጫ ግድግዳ እንዴት እንደሚጠገን ዛሬ ከቀድሞው በተሻለ ይታወቃል። ይህ ዕውቀት ከቤተ ሙከራ ወጥቶ የፋርማሲው ባንኮኒ ላይ መድረስ አለበት። መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራ ያልተነገረው ሕመምተኛ መድኃኒቱን በትክክል ሊጠቀምበት አይችልም።

ደጋነቱ ብቻ አያድንም

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር የምትርቅ ብርዳም ከተማ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ያወርዳል። ብርዱ የሰውን አኗኗር ወስኖታል፤ በርና መስኮት በጊዜ ይዘጋል፣ እሳት ቤት ውስጥ ይነድዳል፣ አልጋው ላይ ባና ይደረባል፣ መደቡ ላይ አጎዛ ይነጠፋል። እንጨት ብርቅ በሆነበት የዙሪያው ገጠር ዋናው ማገዶ ኩበት ነው። ከተማዋ ራሷ የታወቀችው በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ነው፤ በመንዝ በኩል ደግሞ የበጉ ጸጉር ቤት ውስጥ እየተፈተለ ባና ይሠራበታል።

ይህ ሁሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል ሲገናኝ አፍንጫን በሁለት በኩል ይፈትነዋል። አንደኛው ጭሱ ነው። ጭስ በራሱ አለርጂ አይደለም፤ የአፍንጫን ስስ ሽፋን እየጠበሰ የሚያስቆጣ ነገር ነው። ሁለተኛው ማይት የምትባለው በዓይን የማትታይ የአቧራ ተባይ ናት። ከሰው ገላ የሚረግፈውን የቆዳ ቅርፊት እየበላች በፍራሽ፣ በትራስና በወፍራም አልባሳት ውስጥ ትኖራለች። አለርጂ ያለበት ሰው የሚቆጣው በተባይዋ በሕይወት መኖር ሳይሆን በዓይነ ምድሯና በገላዋ ውስጥ ባሉት ፕሮቲኖች ነው።

በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች ከፍ ባለ ቦታ ማይት እንደምትመናመን ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ይታወቃል። የሚገድላት ግን የአየሩ ድርቀት እንጂ ከፍታው ራሱ አይደለም፤ ማይት ውኃ አትጠጣም፣ የምትኖረው ከአየር በምትስበው እርጥበት ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ የሆኑት ኪቶና ቦጎታ ከ2,500 ሜትር በላይ ሆነው ሳለ ማይት በየቤቱ ተገኝታባቸዋለች። ስለዚህ የሐምሌ ጉምና የታፈነ ክፍል ባለበት አገር «ደጋ ነን፤ አያገኘንም» ብሎ መተማመን አይቻልም።

በኢትዮጵያ ስለ አለርጂ በስፋት ከተጠኑት ቦታዎች አንዷ ጅማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1997 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ጥናት በጅማ ከተማና በገጠሯ 12,876 ሰዎችን መዝግቦ፣ አስም አለብን ያሉት በከተማ 3.6 በመቶ፣ በገጠር 1.3 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። በከተማው የማይት አለርጂ ከትንፋሽ ሲርታ ጋር አብሮ ሲገኝ፣ በገጠሩ ግን እንዲህ ያለ ዝምድና አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጡ ተከታይ ጥናቶች ደግሞ ቤት ውስጥ ጋዝ (ላምባ) ማንደድ ከአለርጂ መጨመር ጋር፣ የመንጠቆ ትል መኖር ከሲርታ መቀነስ ጋር እንደሚገናኝ አመልክተዋል። ከእነዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው፤ አለርጂ ከኑሮ ለውጥ ጋር ይመጣል። ፋብሪካ እየተተከለባት፣ ሰው ከገጠር እየገባባት ያለችው ደብረ ብርሃን የዚህ ለውጥ መሐል ላይ ናት።

ሴሉ ሲቆጣ የሚያመርተው

አለርጂ ያለበትን ሰው አፍንጫ ከሌላው የሚለየው አንድ ፕሮቲን አለ፤ አይጂኢ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1966 እና በ1967 አሜሪካ ይሠሩ የነበሩት ጃፓናውያን ባልና ሚስት ኪሚሺጌና ተሩኮ ኢሺዛካ፣ በስዊድን ደግሞ ጉናር ዮሃንሰንና ሃንስ ቤኒክ ለየብቻ ደርሰውበታል። አይጂኢ ማስት ሴል በሚባሉ የመከላከያ ሴሎች ላይ ተለጥፎ ይጠብቃል። ማይቷ ወይም የሣር ብናኙ ሲመጣ ከአይጂኢው ጋር ይያያዛል፤ ማስት ሴሉም ያከማቸውን ሂስታሚን በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል። ማሳከኩ፣ ተከታታይ ማስነጠሱ፣ ውኃ የመሰለው ንፍጥ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

ብዙ ሰው በሽታው እዚህ ላይ ያበቃ ይመስለዋል። ዋናው ጉዳት ግን የሚመጣው ከዚህ በኋላ፣ ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። የአፍንጫው ሴሎችና ቲ ሴሎች የተባሉት የመከላከያ ሴሎች አዳዲስ ፕሮቲኖችን ማምረት ይጀምራሉ። ኢንተርሉኪን-4 እና ኢንተርሉኪን-13 አይጂኢ እንዲበዛ ያዝዛሉ። ኢንተርሉኪን-5 ኢኦሲኖፊል የተባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ይጠራል፤ ዕድሜያቸውንም ያረዝማል። ኢኦታክሲን የሚባለው ፕሮቲን መንገድ ያሳያቸዋል። አይካም-1 እና ቪካም-1 የተባሉት ደግሞ በደም ሥሩና በሴሎቹ ገጽ ላይ ብቅ ብለው፣ የሚያልፈውን ኢኦሲኖፊል ይዘው ወደ ሥጋው ያስገባሉ። ኢኦሲኖፊሉ ከገባ በኋላ የራሱን መርዛማ ፕሮቲኖች እየረጨ የአፍንጫውን ሽፋን ያቆስላል።

ለዚህ ነው ለወራት የቆየ አለርጂ ያለበት ሰው አፍንጫው ሁልጊዜ የሚዘጋው፣ ማሽተት የሚያቅተው፣ ትንሽ አቧራ ወይም የኩበት ጭስ ሲያገኘው ከሌላው ሰው በላይ የሚሠቃየው። አፍንጫው በየቀኑ ለውጊያ የሚያዘጋጁትን ፕሮቲኖች እያመረተ ስለሆነ ነው።

ስቴሮይዱ ሴል ውስጥ ሲገባ

ስቴሮይድ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1948 ፊሊፕ ሄንች በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ኮርቲዞን ለመገጣጠሚያ ሕመምተኛ ሰጥቶ ውጤቱን ባየ ጊዜ ነው። ሄንች፣ ኤድዋርድ ኬንዳልና ታዴየስ ራይክስታይን በ1950 የኖቤል ሽልማት ተጋርተውበታል። ችግሩ በአፍ ወይም በመርፌ የተወሰደ ስቴሮይድ መላ ሰውነትን ማዳረሱ ነበር፤ ፊት ያሳብጣል፣ ስኳርና ደም ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል። እ.ኤ.አ. በ1973 ዴንማርካዊው ሐኪም ኒልስ ሚጊንድ ቤክሎሜታሶን የተባለውን ስቴሮይድ በአፍንጫ ብቻ እየረጩ አለርጂን ማከም እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ በየፋርማሲው የምናያቸው ፍሉቲካሶን፣ ሞሜታሶንና ቡዴሶናይድ የዚያ ሐሳብ ልጆች ናቸው።

ስቴሮይዱ በሴሉ ቅርፊት በኩል በቀላሉ ይገባል። ሴሉ ውስጥ የሚጠብቀው ተቀባይ ፕሮቲን አለ፤ ዘረመሉ እ.ኤ.አ. በ1985 ተለይቷል። ይህ ተቀባይ ሥራ ሲፈታ ኤችኤስፒ90 በተባለ ሌላ ፕሮቲን ተይዞ ይቆያል። ስቴሮይዱ ሲገናኘው ይለቀቅና በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ሴሉ እምብርት (ኒውክለስ) ይገባል። እዚያ ደርሶ ሁለት ሥራ ይሠራል።

የመጀመሪያው ማስቆም ነው። የቁጣውን ፕሮቲኖች የሚያስመርተው ዋና አዛዥ ኤንኤፍ-ካፓ ቢ የሚባል ፕሮቲን ነው። ስቴሮይዱን የያዘው ተቀባይ ይህን አዛዥ ከሥራው ያስተጓጉለዋል፤ የተከፈተውን የዲኤንኤ ክፍል መልሶ የሚያጥፈውን ኤችዳክ2 የተባለ ኤንዛይምም ወደ ቦታው ይጠራል። በዚህ ምክንያት ኢንተርሉኪን-4፣ -5 እና -13፣ ኢኦታክሲን፣ አይካም-1 እና ቪካም-1 መመረታቸው ይቀንሳል።

ሁለተኛው ማስጀመር ነው። ተቀባዩ ራሱ በዲኤንኤው ላይ አርፎ ቁጣ የሚያበርዱ ፕሮቲኖች እንዲመረቱ ያደርጋል። አኔክሲን-ኤ1 የመከላከያ ሴሎችን ፍልሰት ይገታል፤ ጊልዝ እና ኤምኬፒ-1 የተባሉት ደግሞ በሴሉ ውስጥ የሚተላለፈውን የቁጣ መልእክት ያዳክማሉ። ስለዚህ ስቴሮይድ ስፕሬይ የሚያጠፋ ብቻ ሳይሆን የሚገነባም መድኃኒት ነው።

ግድግዳውን የሚጠግነው ግኝት

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ትኩረቱ ያረፈው ስቴሮይዱ በሚቀንሳቸው ፕሮቲኖች ላይ ነበር። በእኔ እምነት ትልቁ ለውጥ የመጣው ተመራማሪዎች የአፍንጫውን ሽፋን ራሱን መመርመር ሲጀምሩ ነው።

የአፍንጫ ሽፋን ሴሎች ጎን ለጎን ተደርድረው ይቆማሉ። በመካከላቸው ያለውን ክፍተት የሚዘጉት ኦክሉዲን፣ ክላውዲንና ዜድኦ-1 የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። የመንዝን የድንጋይ ቤት ያየ ሰው ነገሩ በቀላሉ ይገባዋል፤ ድንጋዩ ሴሉ ነው፣ በድንጋዮቹ መካከል ገብቶ ነፋስ የሚከለክለው ጭቃ ደግሞ እነዚህ ፕሮቲኖች ናቸው። ጭቃው ሲረግፍ ድንጋዩ ቆሞ ሳለ ብርዱ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1999 የለንደን ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ማይት ይህን መዝጊያ ራሷ ትቆርጠዋለች። ደርፒ-1 የተባለው ዋና ፕሮቲኗ ሌሎች ፕሮቲኖችን የሚበጣጥስ ኤንዛይም ነው፤ ኦክሉዲንን እየቆረጠ በሴሎቹ መካከል መንገድ ይከፍታል። በመንገዱም እሱና ሌሎች አለርጂ አምጪዎች ወደ ውስጥ ይገባሉ። የበሽታው ክብ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ማይቷ ሽፋኑን ትከፍታለች፣ ቁጣው ይነሣል፣ በቁጣው የሚለቀቁት ሂስታሚንና ኢንተርሉኪኖች ሽፋኑን ይበልጥ ያላሉታል፣ ሌላ የማይት ፕሮቲን ደግሞ ይገባል።

በቤልጂየም ሉቨን ዩኒቨርሲቲ የብሬክት ስቴላንትና የፒተር ሄሊንግስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ጥናት በዚህ ክብ ላይ ስቴሮይድ የት እንደሚገባ አሳይቷል። የማይት አለርጂ ካለባቸው ሰዎች የተወሰደው የአፍንጫ ሽፋን ከጤነኞቹ ይልቅ የላላ ነበር፤ ኦክሉዲንና ዜድኦ-1 ቀንሰው ተገኙ። ከሕመምተኞቹ የተወሰዱትን ሴሎች በቤተ ሙከራ አሳድገው ፍሉቲካሶን ሲጨምሩባቸው፣ የእነዚህ ፕሮቲኖች ምርት ጨመረ፤ ሽፋኑም መልሶ ጠበቀ። በአይጦች ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል።

የዚህ ግኝት ክብደት ግልጽ ነው። ስቴሮይድ የቆሰለውን አፍንጫ ስሜት ብቻ የሚደብቅ ከሆነ፣ ማይቷ ባለችበት ቤት ውስጥ ያለው ጥቅም ጊዜያዊ ይሆናል። ሽፋኑን የሚጠግን ከሆነ ግን ነገ የሚገባውንም አለርጂ አምጪ ይቀንሳል። የማይት ብዛትና የኩበት ጭስ አብረው በሚኖሩበት ቤት የሽፋኑ ጥንካሬ ከሁሉ በፊት የሚታሰብ ነገር ነው። በእርግጥ በሳህን ላይ ያደጉ ሴሎች የሰው አፍንጫ አይደሉም፤ ጭስ በየቀኑ የሚያልፍባቸው አፍንጫዎች ደግሞ በሉቨን አልተመረመሩም። ይህን ጥያቄ ለመመለስ እንደ ደብረ ብርሃን ካለ ከተማ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

ጠብታውና ስፕሬዩ በተለያየ ሰዓት ይሠራሉ

አሁን ወደ ፋርማሲው እንመለስ። ዛይሎሜታዞሊንና ኦክሲሜታዞሊን የሚባሉት የአፍንጫ ጠብታዎች አዲስ ፕሮቲን አያስፈልጋቸውም። በአፍንጫው የደም ሥሮች ላይ ያለውን ተቀባይ በቀጥታ ነክተው ሥሮቹን ያጠባሉ፤ አፍንጫው በደቂቃዎች ውስጥ ይከፈታል። ሴሎቹ የሚያመርቱት ግን እንዳለ ይቀጥላል። ጠብታው ከአምስት እስከ ሰባት ቀን በላይ ሲቆይ ደም ሥሮቹ ይለምዱትና መልሰው ይበልጥ ያብጣሉ። ሰውየው ጠብታው ሲያልቅበት ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ሌላ ይገዛል፣ ዓመት ሙሉ ጠብታ በኪሱ ይዞ ይዞራል። የሚያክመው በሽታ አሁን ጠብታው ራሱ ያመጣው ሆኗል።

እንደ ሴቲሪዚንና ሎራታዲን ያሉት የአለርጂ ክኒኖች የሂስታሚንን ተቀባይ ይዘጋሉ። ለማስነጠስና ለማሳከክ ይረዳሉ፤ ለመዘጋቱ ግን ደካማ ናቸው፣ ምክንያቱም መዘጋቱን የሚያመጣው ሂስታሚን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ትንታኔ 16 ሙከራዎችን አጠቃሎ፣ የአፍንጫ ስቴሮይድ ከክኒኖቹ በአብዛኛው ምልክት እንደሚበልጥ አረጋግጧል።

የስቴሮይዱ ሰዓት ግን ሌላ ነው። ተቀባዩ ወደ ኒውክለስ የሚገባው በደቂቃዎች ነው፤ የፕሮቲን ምርት ትእዛዝ የሚለወጠው በሰዓታት ነው። ቀድሞ የተመረተው ኢንተርሉኪንና አይካም-1 ግን እስኪያልቅ ድረስ መሥራቱን ይቀጥላል። ሥጋው ውስጥ የገቡት ኢኦሲኖፊሎች ጠሪ ሲያጡ ለመሞት ቀናት ይፈጅባቸዋል። የላላው ሽፋን ለመጠገን ደግሞ ከዚያም በላይ ይቆያል። ለዚህ ነው የመጀመሪያው መሻል ከግማሽ ቀን በኋላ ሊታይ ቢችልም ሙሉ ውጤቱ እስከ ሁለት ሳምንት የሚወስደው።

አንድ የተለመደ የፍሉቲካሶን ጠርሙስ ብዙ ጊዜ 120 ርጭት ይይዛል። አንድ ትልቅ ሰው በየአፍንጫው ቀዳዳ ሁለት ሁለት፣ በቀን አራት ርጭት ቢወስድ ለአንድ ወር ይበቃዋል። በሦስተኛው ቀን የተወው ሰው 12 ርጭት ተጠቅሞ 108ቱን ጥሏል። የጣለው ደግሞ ሥራው ሊታይ ሲል ነው። ብዙዎቻችን ለመድኃኒት የምናወጣው ከዕለት ጉርሳችን ላይ ተቀንሶ ነው፤ ይህ ኪሳራ በአንድ ሁለት ደቂቃ ማብራሪያ ሊቀር የሚችል ነው።

አረጫጨቱም ከፕሮቲኖቹ ሥራ ጋር ይያያዛል። መድኃኒቱ መድረስ ያለበት የአፍንጫው የጎን ግድግዳ ላይ ነው። ስለዚህ አፍንጫ ቀስ ብሎ ይናፈጣል፣ ጠርሙሱ ይነቀነቃል፣ ራስ ትንሽ ወደ ፊት ይዘነበላል። ቀኝ እጅ ለግራው ቀዳዳ፣ ግራ እጅ ለቀኙ ይሆናል፤ እንዲህ ሲሆን ጫፉ ወደ ጆሮ በኩል እንጂ ወደ መሐሉ ግድግዳ አያይም። መሐሉን በተደጋጋሚ የሚመታ ሰው አፍንጫው ይደርቃል፣ ይደማልም። ከረጩ በኋላ በኃይል መሳብ መድኃኒቱን ወደ ጉሮሮ ይወስደዋልና ቀስ ብሎ መተንፈስ ይበቃል።

የስቴሮይድ ፍርሃት

ሰው «ስቴሮይድ» ሲባል መፍራቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ለፊት ማቅላት የሚቀቡት ቅባት ያቆሰላቸውን፣ ፕሬድኒሶሎን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ወስደው ፊታቸው ያበጠባቸውን አይቷል። ይህ ፍርሃት ሊከበር ይገባዋል፤ መልስም ሊሰጠው ይገባል።

በአፍንጫ የሚረጨው ፍሉቲካሶን ወደ ደም የሚገባው ከ2 በመቶ በታች ነው፤ ሞሜታሶን ደግሞ ከ1 በመቶ በታች። ቤክሎሜታሶንና ቡዴሶናይድ ከዚህ በላይ ይገባሉ። ልዩነቱ ለሕፃናት ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ጥናት ቤክሎሜታሶን በቀን ሁለት ጊዜ ለአንድ ዓመት የወሰዱ ሕፃናት በአማካይ 5.0 ሴንቲ ሜትር ሲያድጉ፣ ያልወሰዱት 5.9 ሴንቲ ሜትር ማደጋቸውን አሳይቷል። በሞሜታሶን ይህ አልታየም። ስለዚህ ለልጅ ሲሆን የመድኃኒቱ ዓይነትና መጠን በሐኪም መመረጥ፣ ቁመቱም መለካት አለበት።

ስቴሮይዱ የአፍንጫን ሽፋን ያሳሳል የሚለውን ስጋት ለመመርመር እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ጥናት ለ12 ወራት ሞሜታሶን ከተጠቀሙ ሰዎች የአፍንጫ ሥጋ ናሙና ወስዶ አይቷል። ሽፋኑ አልሳሳም፤ እንዲያውም ወደ ጤነኛ መልኩ ተመልሷል፣ ኢኦሲኖፊሎችና ማስት ሴሎችም ቀንሰዋል።

በአገራችን ግን በጣም መጠንቀቅ የሚያስፈልግ አንድ ነገር አለ። ሪቶናቪር ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ፍሉቲካሶን ወይም ቡዴሶናይድ ቢጨምርበት፣ ሪቶናቪር ስቴሮይዱን የሚያፈርሰውን የጉበት ኤንዛይም ስለሚያግደው ስቴሮይዱ በደም ውስጥ ይከማቻል። ፊት ማበጥ፣ ስኳር መጨመር፣ የራሱ የሰውነት ሆርሞን መቋረጥ ሊከተል ይችላል። ዶሉቴግራቪር የሚወስዱት ይህ አይገጥማቸውም። ፋርማሲስቱ ስፕሬይ ከመስጠቱ በፊት ሌላ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ሰውየውን ብቻውን፣ ምሥጢሩን ጠብቆ መጠየቅ አለበት።

ሌላም መታወስ ያለበት አለ። በደብረ ብርሃን ንፍጥ የሚወርደው ሰው ሁሉ አለርጂ የለበትም። ቀዝቃዛ አየር ብቻውን አፍንጫ ያፈሳል፤ ጭስም እንደዚሁ። አለርጂን የሚያመለክተው ማሳከክ፣ ተከታታይ ማስነጠስ፣ የዓይን መቅላትና ማልቀስ፣ እንዲሁም በአንድ ወቅት ወይም በአንድ ቦታ ተደጋግሞ መምጣቱ ነው። በአንድ ወገን ብቻ የሚዘጋ፣ ደም የሚቀላቀለው ወይም ከፍተኛ ትኩሳትና የፊት ሕመም ያለው አፍንጫ ሳይውል ሳያድር በአንገት በላይ ሐኪም መታየት አለበት።

ከተማዋ ምን ትሥራ?

ከዚህ ሁሉ የሚወጣ ተግባር አለ። የመጀመሪያው የፋርማሲዎቹ ነው። ስቴሮይድ ስፕሬይ ሲሸጥ ሦስት ነገር አብሮ መነገር አለበት፦ ሥራው በቀናት እንጂ በደቂቃ እንደማይታይ፣ በየቀኑ ሳይቋረጥ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት መወሰድ እንዳለበት፣ ጫፉ ወደ መሐል ግድግዳ መዞር እንደሌለበት። ጠብታ ሲሸጥ ደግሞ ከአምስት ቀን በላይ እንዳይወሰድ ማሳሰብ ግዴታ ሊሆን ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር የቡዴሶናይድ የአፍንጫ ስፕሬይን ይዟል፤ ስፕሬዩ የሀብታም ከተማ ቅንጦት ተደርጎ መታየት የለበትም።

ሁለተኛው የሆስፒታሉና የዩኒቨርሲቲው ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመ የጤና ሳይንስ ካምፓስ አለው። ኦክሉዲንን ለመለካት የሉቨንን ዓይነት ቤተ ሙከራ መጠበቅ ላያስፈልግ ይችላል። ከአፍንጫ ጎን በጥጥ ዘንግ የተወሰደ ናሙና ስላይድ ላይ ተቀብቶ፣ ለወባ ምርመራ በየላቦራቶሪው በሚገኘው ጊምሳ ቀለም ቢነከር፣ ኢኦሲኖፊሎቹ ቀላ ባለው ቅንጣታቸው ተለይተው በተራ ማይክሮስኮፕ ይታያሉ። በብዛት ከተገኙ ስቴሮይዱ የሚረዳው ሰው የመሆኑ ዕድል ከፍ ይላል፤ ካልተገኙ ጭሱን ወይም ብርዱን መጠርጠር ይቻላል። ከሕክምናው በፊትና ከአራት ሳምንት በኋላ መቁጠር ደግሞ ለተማሪዎች የመመረቂያ ጥናት የሚሆን፣ ለከተማዋም የሚጠቅም ሥራ ነው። ኩበት በሚነድባቸው ቤቶች የሚኖሩና የማይኖሩ ሰዎች ለስቴሮይድ የሚሰጡት ምላሽ ይለያይ እንደሆነ ማጥናት የሚችለው ይህ አካባቢ ነው።

ሦስተኛው የየቤታችን ነው። ስቴሮይድ የአይጂኢን ትዝታ አይሰርዝም፤ ሲያቆሙት በሽታው ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ሴሎቹን የሚያስቆጣውን ነገር መቀነስ ያስፈልጋል። ባናውንና አጎዛውን በጠራራ ፀሐይ ማስጣት፣ አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በሙቅ ውኃ ማጠብ፣ ማብሰያውን ከመኝታው መለየት፣ ጠዋት መስኮት ከፍቶ እርጥበቱን ማስወጣት ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ናቸው። ከክረምት ማግስት ሁልጊዜ የሚብስበት ሰው ደግሞ መስከረም እስኪጠባ ሳይጠብቅ በነሐሴ መጨረሻ ስፕሬዩን ቢጀምር፣ ሴሎቹ ለውጊያ ከመዘጋጀታቸው በፊት ይደርሳል። አስም ያለበት ሰው ይህን ይበልጥ ያስብበት፤ አፍንጫና ሳንባ በአንድ ዓይነት ሽፋን የተያያዙ መተላለፊያዎች ናቸው፣ አንዱ ሳይታከም ሌላው ለመረጋጋት ይቸገራል።

የአፍንጫ አለርጂ ሰው አይገድልም ተብሎ ይናቃል። እንቅልፍ ያጣ ተማሪ ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ፣ ሸማኔዋ ሥራዋን አቋርጣ ስታስነጥስ ስትውል፣ እናት ለልጇ የገዛችውን መድኃኒት ግማሹን ሳትጠቀም ስትጥል የሚቆጠር ጉዳት ግን አለ። ይህን ጉዳት የሚቀንስ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በእጃችን ነው፤ እንዴት እንደሚሠራም ዛሬ በፕሮቲን ደረጃ ይታወቃል። የቀረው መድኃኒቱን የሚሰጠው ባለሙያ ይህን ለሕመምተኛው ማስረዳቱ ነው። ከደብረ ብርሃን ፋርማሲ ስፕሬይ ይዞ የሚወጣ ሰው ሁሉ «ሁለት ሳምንት ይታገሡት፤ ሴሎቹ ሥራቸውን የሚለውጡት በዚያን ጊዜ ነው» የሚለውን ቃል ከመድኃኒቱ ጋር ይዞ መውጣት አለበት።